ለጆሮ የሚጻፍ ጽሑፍ፦ ረቂቅ ንግግር እንዴት ይቃናል፣ እንዴትስ ይቀርባል?

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ እዚህ ደሴ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ሰብሳቢ የሆኑ የሰፈራችን አባት አምስት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። በዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ የሚያደርጉት ንግግር ነበር፤ አዘጋጆቹ የሰጧቸው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ነው። «መምህር፣ ፊደሉን ብቻ እይልኝ፤ ሌላው ደኅና ነው» አሉኝ። በዝምታ ሳነበው እውነትም ደኅና ነበር፤ የተዛነፈ ሐሳብም የጎደለ ነገርም አላየሁበትም። ከዚያ «ጋሼ፣ እስቲ ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡልኝ» አልኳቸው። በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፤ በሁለተኛው ገጽ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩት፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ይኼ እኮ የእኔ አነጋገር አይደለም» አሉ።

ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ለዓይን የተስተካከለ ጽሑፍ ለጆሮ ሊከብድ ይችላል፤ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞ ያነባል፣ ጆሮ ግን አንዴ ያመለጠውን መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ ረቂቅ ንግግርን ማቃናት ማለት ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ማረም ብቻ ሳይሆን፣ ለአንባቢ የተጻፈውን ወደ ሰሚ ማዞር ነው።

አማርኛ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት የብዙ ሰው ንግግር አይቻለሁ፤ የምርቃት፣ የሠርግ፣ የምረቃ በዓል፣ የእድር ጉባኤ፣ የሥራ ቦታ መሰናበቻ። ከዚያ ሁሉ የተማርኩት ዋና ነገር አንድ ነው። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያ ጽሑፉን አሳምሮ ይጨርሳል፣ ከዚያ በዋዜማው ማታ «ላንብበው ወይስ በቃሌ ልያዘው?» ብሎ ያስባል፤ መሆን ያለበት ግን በተቃራኒው ነው። እየተነበበ የሚቀርብ ጽሑፍ የሚቃናበት መንገድና በማስታወሻ የሚነገር ንግግር የሚቃናበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ አቀራረቡ ሳይወሰን የሚደረግ የመጨረሻ እርማት ግማሹ ከንቱ ድካም ይሆናል።

የጥንት ሮማውያን የንግግር መምህራን፣ ሲሴሮም ከእነርሱ አንዱ ነው፣ የተናጋሪን ሥራ በአምስት ይከፍሉት ነበር፦ የሚባለውን ነገር መፈለግ፣ በቅደም ተከተል መደርደር፣ በቃላት ማልበስ፣ በአእምሮ መያዝ፣ በመጨረሻም በድምፅና በአካል ማቅረብ። በእኛ ዘንድ «ንግግር ጻፍልኝ» ሲባል የሚታሰቡት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ለዕድል ይተዋሉ።

አሁን ወደ ረቂቁ እንመለስ፤ ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነውና። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይህ የቋንቋችን ጠባይ ነው፣ ውበትም አለው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ላይ ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ሸክሙን ይዞ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ከጋሼ ረቂቅ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ዓረፍተ ነገር ይህን ይመስል ነበር፦ «ትምህርት ቤታችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን የተማሪዎችን ውጤት ከማሻሻል አንፃር ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከአካባቢው ነጋዴዎች ጋር በመቀናጀት የቤተ መጻሕፍቱን የመጻሕፍት እጥረት ከመቅረፍ አኳያ ሰፋፊ ሥራዎችን ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ በዚህም አበረታች ውጤት የተመዘገበ መሆኑን ስገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል።»

በሰዋስው በኩል ስሕተት የለበትም። ሰሚው ግን ያን ሁሉ ቃል ተሸክሞ እስከ መጨረሻው ከጠበቀ በኋላ የሚያገኘው ግሥ «ይሰማኛል» የሚል ነው፤ ይኸውም የተናጋሪውን ደስታ እንጂ የተደረገውን ነገር አይነግረውም። ስለዚህ ወረቀቱን አጥፌ «ጋሼ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ወዲያው እንዲህ አሉኝ፦ «ወላጁ ከየቤቱ መጽሐፍ አመጣ። ነጋዴው መደርደሪያ አሠራ። ዘንድሮ ልጆቻችን የሚያነቡት አላጡም።» ያሉትን እንዳለ ጻፍኩት። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና የራሱ ግሥ አለው፤ አድማጩም በየማረፊያው አንድ አንድ ነገር ይጨብጣል። ንግግር ለማቃናት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፦ ረቂቁን አስቀምጡትና ሰውዬው ነገሩን በአፉ ይንገራችሁ፣ ከዚያ ከአፉ የወጣውን ጻፉ። ተናጋሪው እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ ለቤተሰብ አንድ ሰው ነግራችሁ በስልካችሁ ቅዱት።

«ከማሻሻል አንፃር»፣ «ከመቅረፍ አኳያ»፣ «የሚታወቅ ሲሆን»፣ «የማጠናከር ሥራ ተሠርቷል»፣ «መሆኑን መግለጽ እወዳለሁ» የሚሉት ሐረጎች ወደ ንግግራችን የገቡት ከመሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው። ሪፖርት ላይ ቦታ አላቸው፤ የሚነበቡት በጽሞና፣ ደግሞ በማየት ነውና። መድረክ ላይ ግን ትንፋሽ ይበላሉ። እያንዳንዱን በጣት ሸፍኖ ዓረፍተ ነገሩን ያለ እርሱ ማንበብ ነው፤ ትርጉሙ ካልጎደለ ሐረጉ ይውጣ። «የማጠናከር ሥራ ተሠርቷል» ከማለት «አጠናክረናል» ይበቃል። ከዚህም የሚሻለው ምን እንደተጠናከረ መናገር ነው።

ለጆሮ የተሠራ አማርኛ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እኛ ወሎዎች ምርቃት አለን። አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ሲመርቁ ልብ ብላችሁ ስሙ፦ «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ» ይላሉ፣ ሰው «አሜን» ወይም «አሚን» ይላል፤ «ክፉ አይንካችሁ» ይላሉ፣ ሰው ይቀበላል፤ «የዘራችሁትን ለፍሬ ያብቃላችሁ» ይላሉ፣ ሰው ይቀበላል። እያንዳንዱ ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፣ በግሥ ይዘጋል፣ ከዚያ ለሰሚው ቦታ ይለቀቃል። መራቂው መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ማንም አላስተማረውም፤ የአባባሉ ሥሪት ራሱ ያስተምረዋል። ንግግር ሁሉ ምርቃት ይሁን ማለቴ አይደለም። ረጅም ዓረፍተ ነገርም አይከለከልም፤ አንዳንድ ነገር ያለ እርሱ አይባልም። ነገር ግን አንድ ረጅም ከሄደ በኋላ አንድ አጭር ይከተለው፤ አድማጩ «አሜን» ባይልም በልቡ የሚልበት ጊዜ ያግኝ።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። ጊዜን በገጽ ብዛት መገመት ያሳስታል፤ የእያንዳንዱ ሰው ጽሕፈትም አነባበብም ይለያያልና። አንድ ገጽ በመድረክ ፍጥነት፣ ማለትም ከወትሮው ቀስ ተብሎ፣ እየተነበበ በስልክ ሰዓት ይለካና በገጾቹ ብዛት ይባዛ። የጋሼ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። አምስቱ ገጽ አሥራ አምስት ደቂቃ ሆነ ማለት ነው፣ ለዚያውም ጭብጨባ ሳይቆጠር። እሳቸው መጀመሪያ ላይ ያሰቡት በፍጥነት ማንበብን ነበር፤ ይህ ብዙ ሰው የሚመርጠው መፍትሔ ቢሆንም ሕዝቡ ምንም ሳይሰማ እንዲበተን ያደርጋል። መቆረጥ ነበረበት።

ስንቆርጥ የመጀመሪያው ተሰናባች የማዕረግ ዝርዝሩ ሆነ። «ክቡር እገሌ፣ ክቡር እገሌ፣ ክብርት እገሊት» እያለ አንድ ሙሉ ደቂቃ የሚወስድ መግቢያ ነበር። መድረክ መሪው እንግዶቹን አስቀድሞ በስም አስተዋውቋቸዋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚነሳው ተናጋሪ ሁሉ ያንኑ ቢደግም ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የሚሰማው አይኖርም። «የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጆቻችን» ማለት አክብሮትን አያጎድልም። ሰላምታውም ቢሆን ይታሰብበት፦ በእኛ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ የአንዱን ብቻ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ሌላውን በራሱ በዓል ላይ እንግዳ ያደርገዋል። ጋሼ በሁለቱም ሰላምታ መጀመርን መረጡ፤ በሰፈራቸው ሁልጊዜ የሚያደርጉት ስለሆነ አፋቸው ላይ ቀሎ ወጣ።

ሁለተኛው የተቆረጠው የትምህርት ቤቱ ታሪክ ነው፤ በዚህ ላይ ተከራክረናል። እሳቸው ታሪኩ ካልተነገረ በዓሉ ጎደሎ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመተ ምሕረትና ያ ሁሉ የርእሰ መምህር ስም በዕለቱ በሚታደለው መጽሔት ላይ እንደሚወጣ፣ በጆሮ ሲሰማ ግን ከሁለት ቁጥር በላይ ማንም ይዞ ወደ ቤቱ እንደማይሄድ ነገርኳቸው። በመጨረሻ አንድ ነገር አስቀረን፦ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ እያንቀጠቀጣቸው መማራቸውን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከዓመተ ምሕረቱ ሁሉ ይልቅ ታሪክ ነበር።

አሁን አቀራረቡን እንምረጥ። መንገዶቹ አራት ናቸው፦ ሙሉውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ሙሉውን በቃል ይዞ መናገር፣ በአጭር ማስታወሻ እየተመሩ መናገር፣ ያለ ዝግጅት በድንገት መናገር።

ማንበብ የሚመረጠው እያንዳንዱ ቃል ተጠያቂነት ሲኖረው ነው። ቃል ምን ያህል እንደሚያስጠይቅ ለማስተማር ከደሴ በስተሰሜን፣ በወልድያ መንገድ ላይ ያለችውን ውጫሌን አነሳለሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በተፈራረሙበት ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» የሚለው የአማርኛው ቃል በኢጣሊያንኛው ቅጂ ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ የአንድ ግሥ ልዩነት ከብዙ ደብዳቤና ከውሉ መፍረስ በኋላ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የእኛ ንግግር ጦርነት ባያስነሳም፣ የመሥሪያ ቤት አቋም፣ የስምምነት ቃል፣ የይቅርታ ቃል፣ የገንዘብ ሂሳብ ወይም የሟች ታሪክ ሲሆን በቃል እየፈጠሩ መሄድ አይገባም። ይነበብ።

የማንበብን ክብር የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ደሴን ይነካል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ስትደበደብ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር መድረክ ላይ ቆሙ። ሊናገሩ ሲሉ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በጩኸት አወኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጩኸቱን በጩኸት አልመለሱም፤ ረባሾቹ እስኪወጡ ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያም አስቀድሞ የተዘጋጀውን ጽሑፍ በአማርኛ አነበቡ። ንባብ የሚመረጥበት ምክንያት ሁሉ በዚያ ቀን ተሟልቶ ነበር፦ ቃሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ይተረጎማል፣ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ጠላትም ወዳጅም ይመረምረዋል። ዝምታውም የአቀራረቡ አንድ ክፍል ነበር፤ ወረቀት የያዘ ሰው የሚቀጥለው ቃል እንደማይጠፋው ስለሚያውቅ መጠበቅ ይችላል።

የሚነበብ ጽሑፍ የራሱ እርማት አለው። የመጀመሪያው የእኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አለማሳየቱ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይነግራል፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ራስ ነው። የከፋው ደግሞ ግሥ ላይ ሲመጣ ነው፦ «ትምህርት ቤቱ ሽልማት ይሰጣል» ሲባል ሰጪው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ያው «ይሰጣል» ሲጠብቅ ግን ሰጪው ይጠፋና ተሰጪው ይቀራል። በዝምታ ስናነብ አእምሯችን ከዐውዱ ያስተካክለዋል፤ መድረክ ላይ የተደናገጠ ሰው ግን ዐውዱን ሳያይ ፊደሉን ያነባል። ስለዚህ አጠራጣሪ ቃል ባለበት ሁሉ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በቀይ ነጥብ ይደረግ።

ሁለተኛው የገጹ አቀማመጥ ነው። እንግሊዛዊው ዊንስተን ቸርችል በወጣትነቱ፣ በ1904 እ.ኤ.አ.፣ በአገሩ ምክር ቤት ውስጥ በቃሉ ይዞት የመጣው ንግግር መሐል ላይ ጠፋበትና ሳይጨርስ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ጽሑፍ ይዞ መቅረብን ልማዱ አደረገ፤ ጽሑፉም እንደ መዝሙር ስንኝ በአጫጭር መስመሮች ተሰባብሮ የተተየበ ነበር። ይህን ማንም ሊያደርገው ይችላል። መስመሩ ወረቀቱ ባለቀበት ሳይሆን ትንፋሽ በሚያልቅበት ይቆረጥ፣ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፣ በወረቀቱ ጀርባ አይጻፍ፣ ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፣ በስቴፕል አይያያዙ። እንዲህ ሲሆን ዓይን አንድ መስመር ይለቅማል፣ ቀና ይላል፣ ሰውን እያየ ይናገረዋል። ወረቀት ላይ ተደፍቶ የሚነበብ ንግግር የሚሰለቸው ስለተነበበ አይደለም፣ የሚያነበው ሰው ቀና ስለማይል ነው።

በቃል ስለመያዝ ስናገር ጥንቃቄ አደርጋለሁ፤ ያደግነው በቃል ትምህርት ነውና። የቆሎ ተማሪው ዳዊቱን፣ ደረሳው ቁርኣኑን በቃሉ ይዘልቃል፤ ይህን ያየ ሰው የሰባት ደቂቃ ንግግር መሸምደድ ቀላል ቢመስለው አይፈረድበትም። ልዩነቱ እዚያ ቃሉ በዜማ መያዙና ዓመታት መደጋገሙ ነው፤ ዜማው አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ያስተሳስረዋል፣ መምህሩም አጠገብ ሆኖ ያቀናል። በሦስት ሌሊት የተሸመደደ ንግግር ዜማ የለውም። ከብዙ ዓመታት በፊት ጡረታ ለሚወጡ አንድ ባልደረባዬ የምናገረውን በቃሌ ይዤ ቆሜ ነበር። መሐል ላይ የአዳራሹ የኋላ በር ተከፈተና የዘገዩ እንግዶች ገቡ፤ ሕዝቡ ዞሮ አያቸው፣ እኔም አየኋቸው፣ መልሼ ልቀጥል ስል ግን ቃሉ የለም። ሰውዬው ለእኔ ያደረጉልኝን ሁሉ አስታውስ ነበር፤ ገና ጀማሪ ሳለሁ ክፍሌ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው የማስተማር ዘዴዬን ያረሙልኝን እንኳ አልረሳሁም። የጠፋኝ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ቃል ብቻ ነበር። በቃል መያዝ አደጋው ይህ ነው፦ ነገሩን ሳይሆን የቃላቱን ሰንሰለት ስለምንይዝ፣ አንዱ ቀለበት ሲላቀቅ የምናውቀውንም ነገር መናገር ያቅተናል። እሳቸውን ያንን ምስጋና ሳልሰጣቸው መቀመጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ በቃል የሚያዝ ነገር ካለ አጭር ይሁን፤ የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር፣ የመዝጊያው ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ግጥም ወይም አንድ ምርቃት።

ለአብዛኛው ሰውና ለአብዛኛው ጊዜ የምመክረው በማስታወሻ መናገርን ነው። በዚህ መንገድ ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ይዘጋጃል፣ ቅደም ተከተሉ ይታወቃል፣ ቃላቱ ግን በዚያው ሰዓት ከአፍ ይወጣሉ። ማስታወሻው የእጅ መዳፍ የሚያክል ጠንካራ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጻፍበትም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያየ ዓይን ማንበብ ይጀምራልና። የሚጻፉት የየሐሳቡ መነሻ አንድ ሁለት ቃል፣ የሰው ስም፣ ቁጥርና ቀን ናቸው። ልምምዱም ከሽምደዳ ይለያል፦ አምስት ጊዜ ሲለማመዱ አምስቱንም ጊዜ በተለያየ ቃል መናገር ይገባል፤ ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢጠፋ ሌላ ይተካዋል። የማስታወሻ ንግግር ድካሙ ጊዜን መሳቱ ነው፤ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው አንዱን ወሬ ሲያራዝም ሰባቱ ደቂቃ ያልቅበታል። ከየሐሳቡ ጎን ደቂቃውን መጻፍ ይረዳል።

ያለ ዝግጅት መናገር ላይ ብዙ አልቆይም። ሠርግ ቤት ወይም እድር ላይ «እስቲ እርስዎም አንድ ነገር በሉን» ሲባል ይደርሳል። አንድ ሐሳብ፣ ለእርሱ አንድ ምሳሌ፣ ከዚያ ምርቃትና መቀመጥ። ለመናገር ያላሰቡ መሆንን በማስረዳት የሚጀምር ሰው የተሰጠውን ግማሽ ጊዜ በዚያው ይጨርሳል።

አራቱ መንገዶች በአንድ ንግግር ውስጥ መቀላቀላቸው ነውር የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ትክክሉም ያ ነው። ከጋሼ ጋር እንዲህ ተስማማን፦ ሰላምታውና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በቃል ይሆናል፣ የመጽሐፉና የመስኮቱ ወሬ በማስታወሻ ይነገራል፣ የለጋሾቹ ስምና የሰጡት ነገር ግን ከወረቀት ይነበባል። ስም መሳት ትልቅ ቅያሜ ያመጣል፤ አንድ ነጋዴ መደርደሪያ አሠርቶ ስሙ ቢዘለል በሚቀጥለው ዓመት በሩን ማንኳኳት ይከብዳል። ከስሞቹ በፊት ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተው «ማንንም እንዳልረሳ ከጽሑፍ ላንብብ» እንዲሉ ነገርኳቸው። በዚያ ቦታ ወረቀት ማውጣት ክብር እንጂ ድክመት ሆኖ አይታይም።

ቦታውም የአቀራረቡን ምርጫ ይለውጠዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሰኔ ሲገባ ከሰዓት በኋላ ነፋስና ዝናብ የሚፈራረቅባት ከተማ ናት፤ ሜዳ ላይ የሚናገር ሰው ልቅ ወረቀት ይዞ ከወጣ ነፋሱ ሁለተኛውን ገጽ ይወስድበታል። ጠንካራ ካርቶን ላይ መለጠፍ ወይም ክሊፕ ያለው ሰሌዳ መያዝ ይበጃል። ኮምቦልቻ ወርዶ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ለሠራተኞች የሚናገር ሰው ደግሞ ብርድ ባይፈራም፣ የማሽን ድምፅ፣ ሙቀትና ከፈረቃ የወጣ የደከመ አድማጭ ይጠብቀዋል፤ እዚያ አሥር ደቂቃ የታሰበው ወደ አራት ይውረድ፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ከሁሉም በላይ ይጠሩ። ሞንታርቦው የሚያስተጋባ ከሆነ አንዱ ቃል ተመልሶ ሳይመጣ ሌላውን መልቀቅ ድምፆቹን ያደባልቃል፤ እየቆዩ መናገር ነው። መብራት ሊሄድ እንደሚችልም አስቀድሞ ይታሰብ፦ ማይክ ቢጠፋ ከአትሮኖሱ ወጥቶ ወደ ሰው መቅረብ የሚቻለው በማስታወሻ ለሚናገር ነው፣ አምስት ገጽ ለያዘ ሰው ግን አስቸጋሪ ነው።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት፣ ትምህርት ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ጋሼ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ሜዳው ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ያለ ማይክ ነው የተለማመዱት። ልጅቱ አጥሩ ሥር፣ የመጨረሻው ወንበር በሚቀመጥበት ቦታ ቆመች፤ ያልሰማችው ወይም ያልገባት ቃል ሲመጣ እጇን እንድታወጣ ነገርናት። ጋሼ ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኔ ዞረው «ድምፄ ይደርስ ይሆን?» አሉ። «አብሽሩ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሰላምታው ላይ አላወጣችም፣ መስኮት የሌለው ክፍል ላይም አላወጣችም። «ለሁሉም ተማሪ ደብተር ይሰጣል» ሲሉ እጇን አወጣችና እየሮጠች መጥታ «አባባ፣ ማን ነው የሚሰጠው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው «ይሰጣል»ን ሰረዙና «ነጋዴዎቹ ይሰጣሉ» ብለው ጻፉ፤ እርሷም ወደ አጥሩ ተመለሰች።